ጀርባውን ሰጥቶ የበረረው ሰው

ቬስተርሲል ውስጥ መምህር ቲያደንን የሚያማ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው መቃብር ቦታው ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከተኙት ግማሾቹን ፊደል ያስቆጠሯቸው እሳቸው ስለሆኑ ደፍረው አያሟቸውም። ቬስተርሲል በሰሜን ጀርመን ከባሕሩ ግድብ ሥር የተለጠፈች፣ ከሰው ይልቅ ላም የሚበዛባት መንደር ናት። መምህር በዚያች ባለ አንድ ፎቅ ትምህርት ቤት አርባ ዓመት ያህል አስተምረው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ሚስት ቀብረው፣ ዘጠና ሦስት ዓመት ሞልቷቸው አሁንም በብስክሌት ዳቦ ሊገዙ ይወጣሉ። ያገሬው ሰው መኪናውን ዳር ያስይዝላቸዋል።

የሚወደዱት ግን በብስክሌታቸው አይደለም። የሚወደዱት ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለሚናገሩ ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች የጦርነቱ ነገር ሲነሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ድንች ይጀምሩ ነበር፤ ድንቹን እንደያዙም ሞቱ። መምህር ቲያደን ግን በየኅዳሩ፣ የሙታን መታሰቢያ ቀን በመጣ ቁጥር፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው የስም ድንጋይ ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆሙና ያችኑ ንግግር ያደርጋሉ።

«እኔ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። የሬዲዮ ሠራተኛ ወንበሩ ወደ ኋላ የዞረ ነው። ጦርነቱን በሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼ በረርኩ። ያየሁት ትተነው የመጣነውን ሰማይ ብቻ ነው። እናንተ ልጆቼ፣ ወደ ፊት እያያችሁ ኑሩ።»

ይኼኔ መሐረብ ይወጣል። ሕዝቡ አልቅሶ፣ ቀሎት፣ ወደ ሾርባው ይሄዳል። ሌሎቹ በዝምታ ተደበቁ፤ እሳቸው በወሬ መደበቃቸውን ያሰበ አልነበረም። ታልኬም አላሰበችም።

ታልኬ እዚያው መንደር የምትኖረው የአንትዬ ልጅ ናት፤ እሷ ግን አርባ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሃምቡርግ ትኖራለች፣ ሠዓሊ ናት። ሠዓሊ ሲባል ሌላ ሰው በጻፈው የልጆች መጽሐፍ ላይ ጥንቸል የምትስል፣ ለጥርስ ሐኪሞች በራሪ ወረቀት ጥርስ የምትቦርሽ ጉማሬ የምትስል ማለት ነው። የራሴ የምትለው መጽሐፍ አልነበራትም። እርሳስ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩዋት መምህር ቲያደን ናቸው፤ «የምታውቂውን ሳይሆን የምታዪውን ሳዪ» ያሏትም እሳቸው። አባቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተ፣ አባት የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር በዐይኗ የሚመጣው የእሳቸው ጣት ነበር፤ ጠመኔ የነካው፣ ከትከሻዋ በላይ መጥቶ መስመሯን የሚያቃና።

እና አንድ ቀን መጽሐፉ በአንድ ጊዜ መጣላት። በሥዕል የሚተረክ ልብወለድ፤ ስለ አንድ የጦር አውሮፕላን ባልደረቦች። ክፈፉ ሁሉ ወደ ኋላ የሚያይ። አንባቢው አንድም ጊዜ ዒላማውን አያይም፤ የሚያየው የአውሮፕላኑን ጭራ፣ ደመናውን፣ ከሩቅ የሚቀረውን ጭስ ብቻ። አሳታሚው ዘንድ ሄዳ ይህንኑ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ ኮርዱላ የምትባለው አርታኢ ብድግ ብላ አቀፈቻት። ውሉ የተፈረመው በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቆፈረች። ፍራይቡርግ ወርዳ የጦሩ ቤተ መዛግብት ውስጥ አቧራ ዋጠች፤ የክፍለ ጦሩ ወረቀት በጦርነቱ መጨረሻ ሳምንታት ተቃጥሏል አሏት። የመምህርን የበረራ መዝገብ ጠየቀች፤ እጅ ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው ምድጃ ከተውታል። ሙዚየም ሄዳ መምህር የበረሩበትን ዓይነት የሃይንክል አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ጎንበስ ብላ ገባች። የፕላስቲክ ሞዴሉን ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ በወረንጦ እያጣበቀች ሙጫ አሸተተች። ብረቱን ሁሉ አወቀችው። የቀራት ሰው ነበር፤ አራት ሰው በዚያ ጠባብ ነገር ውስጥ እግሩንና እጁን የት ያደርጋል? ታልኬ ደግሞ ካላየች መሳል የማትችል ሰው ናት፤ እንዲያ ነዋ ያስተማሯት።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመንደሩን አዳራሽ ለመነች። የአውሮፕላኑን ልክ ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጠፈች። ወንበር ደረደረች፤ ለመስታወቱ አፍንጫ የልጆች ስፖርት ፍራሽ አነጠፈች። ተዋናዮች ከመንደሩ ቴአትር ቡድን ተገኙ፤ በየክረምቱ ባል ሚስቱን የሚያታልልበትን ያንኑ ኮሜዲ ስም እየለወጠ የሚያሳይ ቡድን ነው። የእሳት አደጋ ቡድኑ አለቃ አብራሪ ሆነ። የሆድ መትረየሱ ላይ ልጁን አስተኛው። ፀጉር ሠሪዋ ኢንሳ፣ ወንድ ስላነሰ፣ የመምህርን ቦታ ይዛ ወደ ኋላ ዞራ ተቀመጠች። ሥጋ ሻጩ ሃይኮ አነጣጣሪ ሆነ፤ ፍራሹ ላይ በሆዱ ተኝቶ ቦምብ ይለቃል። መምህር ቲያደን ዳር ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ተጥሎላቸው ይመለከታሉ።

«መምህር፣ እኔ ከፊት ከተኛሁ ይህ ነገር ከመሬት የሚነሳ ይመስልዎታል?» አለ ሃይኮ።

«አንተ ላይ ሦስተኛ ሞተር እንገጥማለን» አሉ መምህር። አዳራሹ ሳቀ።

«እኔስ እጄን የት ላድርግ?» አለች ኢንሳ፤ ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታለች። «የእርስዎ ወንበር ነው እኮ፤ እንዳላሰድብዎ!»

«እንደተመቸሽ አድርጊው» አሏት፤ ዐይናቸውን እንኳ አላነሱም። ዐይናቸው ፍራሹ ላይ ነበር።

ታልኬ እየዞረች ትስላለች። ሃይኮ ተንፈራጥጦ ተኝቶ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በምናቡ ቱቦ ውስጥ ያያል። መምህር ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። አንድ ጊዜ ተነፈሱ። ሁለተኛ ጊዜ ተነፈሱ። በመጨረሻ አልቻሉም።

«ሃይኮ! እንደ አሳማ አትጋደም!»

«ሙያዬ ስለሆነ ነው መምህር፣ ከነሱ ጋር ነው የምውለው።»

«ግራ ክርንህን ደረትህ ሥር አስገባ። እንዲያ አይደለም፤ ክብደትህን እዚያ ላይ ጣለው፣ አለዚያ አውሮፕላኑ ሲናጥ ዐይንህ ከማነጣጠሪያው ይወጣል። ቀኝ እጅህ ነጻ ይሁን። ግራ ዐይንህን አትጨፍን! ማነው ጨፍን ያለህ? የጨፈነ ዐይን የከፈተውንም ያደክመዋል። ኧረ ተነስ፣ ተነስልኝ!»

ብርድ ልብሱን ጥለው ተነሱ። «መምህር፣ ጉልበትዎ!» ተባሉ፤ አልሰሙም። ፕላስተሩን ተሻግረው፣ በአንድ እጃቸው የአለቃውን ወንበር ይዘው፣ ጉልበታቸው ቃጭ እያለ ወርደው በሆዳቸው ተኙ። ግራ ክርን ደረት ሥር ገባ። አንገት ረዘመ። ቀኝ እጅ አየሩ ላይ የማይታይ ቁልፍ ያዘና በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ማዞር ጀመረ። የዘጠና ሦስት ዓመቱ ሽማግሌ ጠፉ፤ ፍራሹ ላይ የተኛው ወጣት ነበር።

«ግራ» አሉ። «ግራ... በቃ። ያዛት። ያዛት... ያዛት...»

የእሳት አደጋው አለቃ ሳያውቀው የሌለ መሪ ጨበጠ። መምህር አውራ ጣታቸውን ጫን አደረጉ። ከዚያም አልተነሱም። ሥራው አልቋል፤ ጣቱ ተጭኗል፤ እሳቸው ግን ግንባራቸውን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርገው፣ ወደ ታች፣ ወደ አዳራሹ ጣውላ፣ አንድ ነገር እስኪደርስ ድረስ እንደሚጠብቅ ሰው እያዩ ቆዩ።

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። «ቴአትሩን ያለ እርስዎ ስንሠራ የኖርነው ምን ነክቶን ነው!» አለ ሃይኮ። ኢንሳ ከወንበሯ ዞራ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ክርን ሲያመልጥ ግን ይታወቃል፣ የሚያይ ሰው ካለ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር። ያየች ታልኬ ብቻ ናት፤ እሷም ያየችው በእጇ ነው። እርሳሷ መስመሩን ከጨረሰ በኋላ ነው ልቧ የደረሰበት፤ ወደ ኋላ ዞሮ ስድስት ዓመት የበረረ ሰው ስለ ግራ ዐይን ምን አገባው?

መምህር ከፍራሹ ላይ ቀና ሲሉ ዐይናቸው ከዐይኗ ገጠመ። እጃቸውን ዘረጉላት።

«አንሺኝ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ?»

አነሳቻቸው። ቀለው ነበር። ወረቀቷን ተቀብለው አራቅ አድርገው ተመለከቱት። «ክርኑ ጥሩ ነው» አሉና መለሱላት።

ያን ቀን ማታ እናቷ ቤት ገብታ ካፖርቷን ልትሰቅል ስትል ታልኬ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከአየር ግፊት መለኪያው አጠገብ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በተሰቀለበት፣ የራሷ ሥዕል አለ። እንዲህ ያለ ሥዕል የሌለበት ቤት ቬስተርሲል ውስጥ የለም። አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሁሉ በጸደይ «መንደራችን ከላይ» የሚለውን ሥዕል ይሥል ነበር፤ የመምህር ቲያደን ልማድ ነው፤ ሥዕሉ በክፈፍ ይደረግና ለእናት ይሰጥ ነበር። አንዳንዱ ቤት የአባትና የልጅ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። ሰው «የሽመላ ዐይን» ይለዋል።

የታልኬ ከሁሉ የበለጠ ተብሎ ተሸልሟል። ጣሪያዎቹ፣ ቦዩ፣ የጭቃ መንገዱ መታጠፊያ፣ ሁሉም ልክ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን መጀመሪያ ተበላሽቶባት ነበር። ማማውን ሾጣጣ አድርጋ ስትስል ያ ጣት ከትከሻዋ በላይ መጣ። «ከላይ ማማ የለም፤ ያለው ጥላው ብቻ ነው። ጥላውን ካየሽ ሰዓቱን ታውቂያለሽ። ሰው ደግሞ ከላይ ነጥብ ነው፤ ሰው የሚያስመስለው ጥላው ነው።» እሷም ነጥብ ነጥብ አድርጋ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ጥላ ሰጥታ፣ መንደሯን በሰው ሞላችው። ከሥሩ በሰማያዊ እርሳስ «እጅግ ጥሩ» ተጽፏል።

ወደ ኋላ ዞሮ የበረረ ሰው ትቶት የመጣውን በአግድም ነው የሚያየው፤ ጢስና አድማስ። ማማ ወደ ጥላ የሚለወጠው ከአናቱ ላይ ሆኖ፣ ፊት ለፊት በመስታወት ውስጥ፣ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ነው። ማስረጃው በየሳሎኑ ተሰቅሎ ነበር። በየሳምንቱ አቧራው ይጠረግለት ነበር።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ።»

አንትዬ እጇን በመሐረብ እያደረቀች መጣች። ታልኬ ነገረቻት፤ ክርኑን፣ ዐይኑን፣ ጥላውን። እናቷ ሥዕሉን እንደ አዲስ አልተመለከተችውም። ልጇን ነው የተመለከተችው።

«እና?»

«እንዴት እና? ቦምቡን የሚለቁት እሳቸው ነበሩ ነው የምልሽ! በየኅዳሩ ዋሽተውናል!»

«ዘጠና ሦስት ዓመቱ ነው። ተይው፣ ይዞት ይሂድ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ማወቅ ምንድን ነው?» አለች አንትዬ። «በዚያ ጦርነት ወደ ፊት ዞሮ የተቀመጠ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የኔም አባት ወጥ ቤት ነበር የሠራሁት ይል ነበር። የጎረቤቱም አባት ወጥ ቤት። ይኼን ሁሉ አገር ያቃጠሉት ወጥ ሲሠሩ ነው እንግዲህ። አንቺን ሰው ያደረገሽ ማነው? አባት ሳይኖርሽ እጅሽን ይዞ ያስተማረሽ ማነው? ይህን ነው የምትመልሺለት?»

«መጽሐፌ ውሸት ሆነ እኮ እማዬ!»

«ሌላ መጽሐፍ ጻፊ» አለችና እናቷ ወደ ማጀት ተመለሰች።

ታልኬ እንቅልፍ አጥታ አደረች፤ በንዴት ብቻም አልነበረም። የምትወደው ሰው ነው። ዝም ብትል መጽሐፉ አልቋል፤ ያማረ፣ ሰው የሚያለቅስበት መጽሐፍ፤ የመምህርም ስም እንደተከበረ ይኖራል። ብትናገር የሦስት ዓመት ሥራዋ ጭራሮ ነው፣ መንደሯም አይቀበላትም። ደግሞስ ምን ትናገራለች? ክርን አየሁ? ከሳቸው አፍ መስማት ነበረባት። ጠዋት ተነስታ እናቷ ጠረጴዛ ላይ አንድ ገጽ ሣለች፤ ሙሉ ገጽ፣ አንድ ክፈፍ። መስታወቱ አፍንጫ ውስጥ በሆዱ የተኛ ወጣት፣ ፊቱ የመምህር ቲያደን፣ ከሥሩ አንዲት ከተማ። ከተማዋን ከራሷ ፈጠረቻት። ከታች ለከተማዋ ስም ባዶ ቦታ ተወች።

እሑድ ከሰዓት ሄደች። ሻይ ቀርቦ ነበር፤ እሑድ ነው፣ እንግዳ ባይመጣም ይቀርባል። መምህር ራሳቸው ቀዱ፦ መጀመሪያ የስኳሩ ድንጋይ፣ ከላዩ ትኩስ ሻይ፣ ስኳሩ ጠሽ ሲል በጠርዙ በኩል ክሬም። እዚያ አገር ሻይ አይማሰልም። ማንኪያ የሚቀርበው ለሌላ ነገር ነው፤ እንግዳው በቃኝ ሲል ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ያቆማል። ማንኪያው ሳህኑ ላይ እስካለ ድረስ ባለቤት ይቀዳል። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ይቀዳል፤ እንግዳን «ሂድ» ማለት የለም። ታልኬ ይህን አስባ ነው የመጣችው። ማንኪያዋን ከሳህኗ ጠርዝ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችና ገጹን ዘረጋችላቸው።

መምህር መነጽራቸውን ቀየሩ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

ውሸት ነው እንዲሏት ጠበቀች፤ እንዲቆጡ፣ እንዲያባርሯት። እንዲያውም ተመኘችው።

«ክርኑ ጥሩ ነው» አሉ። «ከተማዋ ግን አልሆነችም። ማማ ሠርተሽላታል። ከላይ ማማ...»

«የለም። ያለው ጥላው ነው።»

ቀና ብለው አዩዋት። «አልረሳሽውም።»

«በአሥር ዓመቴ ነው የነገሩኝ መምህር። እንዴት እረሳዋለሁ?»

ቀዱላት። ጠጣች፤ ስኒውን አስቀመጠች፤ ማንኪያዋን አልነካችውም።

«ለምን አስተማሩን?»

«የማውቀው ሥዕል እሱ ነበር» አሉ። «ከጦርነቱ ስመለስ ሌላ ነገር መሳል ሞክሬ ነበር። አበባ። ላም። እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እሱኑ አስተማርኩ። በየዓመቱ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ላይ እሥላለሁ፤ በየዓመቱ ዘንድሮስ አንዱ እጁን አውጥቶ 'መምህር፣ ይኼን የት ሆነው አዩት?' ይለኛል እላለሁ። አርባ ዓመት ጠበቅሁ። የጠየቀኝ የለም።»

«አሥር ዓመታችን ነበር እኮ!» ታልኬ ድምጿ ከፍ አለባት። «የአሥር ዓመት ልጅ እንዲጠይቅዎት? ለእኛ በጥቁር ሰሌዳ፣ ለትልልቆቹ ደግሞ በሐውልቱ ፊት ያን ውሸት? ጀርባዬን ሰጥቼ እያሉ?»

«እናትና አባቶቻችሁ አሥር ዓመታቸው አልነበረም። ሥዕሉን በክፈፍ አድርገው ሰቀሉት።»

«ኑዛዜዎን ሕፃናት አሸክመው እንቅልፍዎን ተኙ!»

«ሻይሽ እየቀዘቀዘ ነው» አሉ። ቀዝቅዞም ነበር። ጠጣችው። መራራ ነበር፤ ስኳሩ ገና አልቀለጠም። ቀዱላት።

እንዲህ እየሆነ ቆየ። እሷ ትጠጣለች፣ እሳቸው ይቀዳሉ፤ እሷ ማንኪያውን አታነሳም፣ እሳቸው ሂጂ አይሏትም። ሆዷ በሻይ ተነፍቶ፣ ገንዘቡን ሳይቀበል እንደማይነሳ አበዳሪ ተቀመጠች። በመጨረሻ መምህር እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ላኩ። ሰማያዊውን እርሳስ አወጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህም ከኪሳቸው አላወጡትም ነበር ማለት ነው።

«አምጪው» አሉ።

ማማውን በአንድ መስመር ሰረዙት። ጥላውን ወደ ግራ አስተኙት። «ጠዋት ነበር» አሉ፤ «ስለዚህ ጥላው ረጅም ነው። ወንዙ እዚህ ጋ ይታጠፋል፣ እንደ ክንድ። ድልድዩ ነበር የታዘዝነው። ድልድዩ ይኸውልሽ፣ ቀጭን። አደባባዩ ግን ሰፊ ነው። ገበያ ነበር። ከላይ የገበያ ድንኳን ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? የታጠበ መሐረብ ነው የሚመስለው፣ ሣር ላይ የተሰጣ።»

እርሳሱ አይቆምም። መንገድ ይሠራል፣ ጋሪ ይሠራል፣ ለጋሪው ጥላ ይሰጣል። ታልኬ እንዲያ ያማረ መስመር አይታ አታውቅም። በሕይወቷ ሙሉ ልትደርስበት የደከመችበት መስመር ይኸው ነበር፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው የማያመነታ። የመምህር ፊትም ተፈታ። ደስ እያላቸው ነበር። ይኼ ነው አንጀቷን የቆረጠው፤ ቢያለቅሱ ትችለው ነበር።

«ዝቅ ብለን ነበር የምንበረው» አሉ፤ «የሚተኩስብን አልነበረማ። ሰው ከላይ ነጥብ ነው፤ ብዬሽ የለ? አደባባዩ ሙሉ ነጥብ ነበር፣ ነጥብና ጥላ። እዚህ ጋ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ነጥብ ተጠጋግተው ቆመዋል፣ ጥላቸው አንድ ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። ፊት ግን ከላይ አይታይም። ሰው ቀና ካላለ በቀር ፊት አይታይም። ጣቴን ከተጫንኩ በኋላ...» እርሳሱ ነጥቦቹ መሃል ትንንሽ ነጭ ክቦችን መተው ጀመረ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ «...ድምፁን ሲሰሙ ቀና አሉ። አንድ ላይ። አደባባዩ በአንዴ ነጣ። ይኸውልሽ፣ እንዲህ። ስሟን ከታች ባዶ ትተሽዋል። ልክ ነሽ፣ ስም ያስፈልጋታል። የከተማዋ ስም...»

ታልኬ ማንኪያዋን አንስታ ስኒው ውስጥ አቆመችው።

አስባው አይደለም። እጇ ነው ያደረገው። የብሩ ማንኪያ ከሸክላው ጋር ቅጭል አለ።

መምህር ቲያደን ቃሉን ከከንፈራቸው ላይ መለሱት። ስኒውን አዩ፣ ማንኪያውን አዩ። እርሳሱን ኪሳቸው ከተቱ። ከሻይ ማንቆርቆሪያው ሥር የምትበራውን ትንሿን ሻማ እፍ ብለው አጠፏት፤ ባለቤት የሚያደርገው ይህንን ነው።

«በቃሽ» አሉ፤ በደህና ድምፅ፣ እንግዳን እንደሚያሰናብት ሰው።

«አይ፣ እኔ... ይጨርሱልኝ መምህር። ስሟ ማን ነበር?»

«በቃሽ እኮ» አሉና ካፖርቷን ሊያመጡላት ተነሱ። ገጹን ጠቅልለው፣ በላስቲክ አስረው ሰጧት። በሩ ላይ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት፤ በልጅነቷ እንደሚያደርጉት።

ደጋግማ ሄዳ በሩን አንኳኩታለች። አስገብተው ሻይ ቀድተውላታል፤ የከተማዋን ስም ስትጠይቃቸው ስለ ነፋሱ፣ ስለ ግድቡ ጥገና፣ ስለ ሃይኮ ቋሊማ ጨው መብዛት አውርተውላታል። ፋሲካ ሳይደርስ ሞቱ። ቄሱ በቀብሩ ላይ «ጀርባውን ሰጥቶ የበረረ፣ ፊቱን ሰጥቶ ያስተማረን» ሲሉ ሕዝቡ መሐረቡን አወጣ። ታልኬ መሃል ተቀምጣ ነበር። አፏን አልከፈተችም።

መጽሐፏን ግን ከፈተችው። ወደ ኋላ የሚያዩትን ክፈፎች ሁሉ ጣለቻቸውና እንደገና ሣለች፤ የመጨረሻው ገጽ ያ ገጽ ነው፣ ከሰማያዊው እርሳስ ጋር። ከተማዋን በካርታ ፈልጋታለች፤ ድልድይ ያለው፣ እንደ ክንድ የሚታጠፍ ወንዝ፣ ሰፊ አደባባይ። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለች ከተማ የባሕር አሸዋ ናት። ስለዚህ የስሙ ቦታ ባዶ ቀረ። መጽሐፉ በመከር ወጣ፤ ኢንሳ ፀጉሯን አልሠራላትም አለች፤ የሃይኮ ሱቅ ውስጥ ስትገባ ወሬ ይቆማል። አንትዬ ከኮሪደሩ ላይ ሥዕሉን አወረደችው። በመምህር አፍራ አይደለም፤ በልጇ አፍራ ነው። ግድግዳው ላይ የክፈፉ ልክ ነጣ ብሎ ቀርቷል።

ሃያሲዎቹ ግን ወደዱት። ያን ባዶ ቦታ በተለይ። አንዱ ጋዜጣ «ስሙን ባለመጥራት ሁሉንም ከተማ ጠራች» አለ። ሃምቡርግ በተደረገው የመጽሐፉ ንባብ ምሽት አንዲት አንገቷ ላይ ሐር የጠመጠመች ሴት ከፊት ረድፍ ተነስታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ስሙን ማወቅ እየቻሉ ባዶ መተውዎ» አለች፤ «እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ይህን ዝምታ ከየት አገኙት?»

ኮርዱላ ከጎኗ ሆና ፈገግ አለች። አዳራሹ መልስ ይጠብቃል። ታልኬ ፊቷ የተቀመጠውን ብርጭቆ ውሃ አየች፤ ማንኪያ የለውም።

«አመሰግናለሁ» አለች።